ባለ አበባውን የመረጥሁ ዕለት

ባለፈው ሰኞ ሰዓዳ ላፕቶፗን አቅፋ ቢሮዬ ገባች። ሰዓዳ ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት አስተማሪ ናት፤ እዚህ ቆቦ ባለው ኮሌጃችን የንግድ ሥራ ክፍል ኃላፊዋ እኔ ነኝ፣ የክፍሉ ታናሽ ደግሞ እሷ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። የቆቦ ሙቀት ግን ሰዓት አያውቅም፤ መስኮቱን ብከፍተው አቧራ፣ ብዘጋው ምድጃ ይሆንብኛል። ልጅቱ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍታ ወደኔ አዞረችው።

«መምህርት፣ የሥራ ሂደት ለሚለው ኮርስ ሦስት ሶፍትዌር አወዳድሬያለሁ። የሐሳብ ካርታ የሚሥሉ ናቸው። ይሄኛው ነው የተሻለው፤ እርስዎ ይፈርሙበት።»

አየሁት። መሐል ላይ አንድ ክብ፣ ከክቡ በየአቅጣጫው የሚወጡ ቅርንጫፎች፣ በየቅርንጫፉ ጫፍ ቅጠል የመሰለ ሣጥን። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ።

«በአማርኛ ይጽፋል?» አልኋት።

«ይጽፋል መምህርት፤ ሞክሬዋለሁ።»

«የት ላይ ሞከርሽው?»

«እዚሁ፣ ላፕቶፔ ላይ።»

ልጅቱ ምን አጠፋች? ምንም። የማወዳደሪያ ወረቀቷን ተቀብዬ «ይቆየኝ» ብዬ ሸኘኋት። ከዚያ ብዕር አንሥቼ ለመፈረም ሞከርሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ይህን ወረቀት እኔ አንድ ጊዜ ሞልቼዋለሁና።

አሁን አርባን ተሻግሬያለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጉልበትም ምኞትም የሞላኝ፣ ከሁለቱ ይበልጥ ደግሞ ፍርሃት የሞላኝ የኮንትራት አስተማሪ። ዘመኑ አገሩ በሙሉ «የሥራ ሂደት» የሚልበት ዘመን ነበር። ወረዳ ብትሄዱ የሥራ ሂደት፣ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ የሥራ ሂደት። ሲፈታ ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ጉዳይ በር ላይ ከደረሰበት አንሥቶ አልቆ እስኪወጣ ድረስ በማን እጅ፣ በምን ተራ እንደሚያልፍ መሣል ማለት ነው። ችግሩ ሥዕሉ ሲያልቅ ሰው መትረፉ ነው። ወንበር ይቀነሳል፤ ሠራተኛው በገዛ ወንበሩ እንደ አዲስ ይወዳደራል፤ ቦታ ያላገኘው «ተንሳፋፊ» ይባላል። ውሃ በሚናፈቅበት በኛ አገር ሰው በደረቅ መሬት ሲንሳፈፍ ያየሁት ያኔ ነው።

የኛ ክፍልም ተሣለ። የሥራ ሂደት የሚያስተምር አንድ ሰው ብቻ ይበቃል ተባለ። እኛ ሁለት ነበርን፤ እኔና ጋሽ ይማም።

ቦታው ለኔ ምን ማለት እንደነበር ልናገር፤ ሰበብ ለመደርደር አይደለም፣ እንዲገባችሁ ነው። አባቴ ከሮቢት ወጣ ብሎ ማሽላ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ከሰባት ልጆች ኮሌጅ የጨረስሁ እኔ ብቻ ነኝ። ኮንትራቴ ካልታደሰ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ የማሽላ ወፍ ላባርር ነው። እናቴ ደግሞ «ፋንታዬ ቋሚ ልትሆን ነው» ብላ ለሰፈሩ አውርታ ጨርሳለች። በየሳምንቱ ቤት ስሄድ ጎረቤቱ እየጠራ «ሆነልሽ ወይ?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «ሊሆን ነው» እላለሁ። እንዲህ እየተባለ አንጀት ያርራል።

ጋሽ ይማም የጎብዬ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሸሚዛቸው ኪስ ብዕርና የጥርስ መፋቂያ ጎን ለጎን የሚሰኩ፤ የቀኝ እጅጌያቸው ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ እንደነጣ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አስተምረዋል። ኮምፒውተር የነኩት ዘግይተው ነው፤ በሁለት ጣት፣ ያውም በአማርኛ ፊደል ብቻ። እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው አልነበረም። ተማሪዎቻቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊዎች፣ ባለ ሱቆች፣ ከየቀበሌው የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩና «ሰውየው በማያነበው ፊደል ሥዬ ለማን ላስተምር ነው?» ይሉ ነበር።

ያስተማሩት የነበረውን ትምህርት ካልነገርኋችሁ የቀረው አይገባችሁም።

እኛ ዘንድ ዝናብ ይሰስታል። የሚዘንበው ወዲያ በስተምዕራብ ከተራራው ነው፤ እታች ሜዳው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ አናት እየበሳች ሳለ ጎርፉ ድንገት በደረቁ ወንዝ እያጓራ ይደርሳል። ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ያንን ጎርፍ መንገዱን ያስለውጥና ወደ ማሳው ያስገባዋል። ጠለፋ ይባላል። ጋሽ ይማም የሥራ ሂደትን ያስተማሩት በዚህ ነው። ሰሌዳው ላይ ወንዙን ይሥላሉ፣ ከወንዙ ዋናውን ቦይ ያወጣሉ፣ ከዋናው ቦይ ትንንሾቹን።

«ይሄ ጎርፍ ደንበኛችሁ ነው» ይላሉ። «ስትፈልጉት አይመጣም፤ ሲመጣ ደግሞ አይጠብቅም። ቦያችሁን ሳትጠርጉ ከደረሰ አልፏችሁ አፋር ይገባል። አፋር ወርዳችሁ ‹ኧረ ውሃዬን› ብትሉ ማን ይሰማችኋል?»

ክፍሉ ይስቃል። እሳቸው ሳይስቁ በየቦዩ አፍ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ማን ይቀድማል? ማን ይከተላል? የሥራ ሂደት ይህቺው ናት። ቅርንጫፍማ ማንም ይሥላል፤ የሚያስቸግረው ተራው ነው። ተራ የሰበረ ሰውስ ምን ይደረጋል?»

አንዱ «ይቀጣል!» ይላል፤ ሌላው «ይገረፋል!»

«እኛ ቀበሌ ውሃ የሚያከፋፍል ሽማግሌ አለ፤ የውሃ አባት እንለዋለን። ተራ የሰበረውን አይመታውም፣ አያሥረውም። ቦዩ ዳር ያቆመውና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ‹የእገሌን ውሃ ነው የጠጣሁት› ያሰኘዋል። በቃ። ወላሂ፣ ከዱላ ይብሳል። ሥራም እንዲሁ ነው፤ ስሕተት የማን እንደሆነ በስም ካልተነገረ ተመልሶ ይመጣል።»

እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ትምህርት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አባቴ ሲጠልፍ እያየሁ አድጌ፣ አባቴ ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ጋሽ ይማም ሰሌዳ ላይ ሲሥሉት ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል አስተባባሪያችን ከባሕር ዳር ስብሰባ መጣ። የሐሳብ ካርታ የሚሥል ሶፍትዌር በትልቅ ሸራ ላይ ሲያበራ አይቶ ልቡ ተሰልቧል። የሥራ ሂደት ከእንግዲህ በዚህ ይሰጣል አለ። ከዞን ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ እኔና ጋሽ ይማም በተመረጠው ሶፍትዌር የማሳያ ትምህርት እንሰጣለን፤ የተሻለው ቦታውን ይይዛል። ሦስቱን ሶፍትዌሮች በፍላሽ ሰጠኝና «አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ፤ አወዳድሪና የሚሻለውን በጽሑፍ አቅርቢ» አለኝ። ተወዳዳሪዋ ራሷ መሣሪያ መራጭ! ያኔ ግን ይህ ነገር አግባብ አይደለም ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልሁም።

አንዱ ኢንተርኔት ካላገኘ የማይከፈት ነበር፤ በቆቦ ኢንተርኔት እሱን ማሰብ ዘበት ነው፣ ወዲያው ጣልሁት። የቀሩትን ሁለቱን ለራሴ «ባለ አበባው» እና «ባለ ሣጥኑ» ብዬ ስም አወጣሁላቸው። ባለ አበባው ያማረ ነው። መሐሉን ሲነኩት ቅርንጫፎቹ እየተጠማዘዙ፣ እየደመቁ ይወጣሉ። ባለ ሣጥኑ መልከ ጥፉ ነበር፤ ግራጫ ሣጥን፣ ጥቁር መስመር። ነገር ግን ቀስት ያደርጋል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ የፊደል መጻፊያውን ይዞ ስለሚመጣ በየትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፊደላችንን አስተካክሎ ይጽፋል። ባለ አበባው ቅርንጫፎቹን ሁሉ እኩል ዙሪያውን ይበትናቸዋል እንጂ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል አያውቅም። ለሐሳብ መበተኛ ደግ ነው። ተራ ላለው ሥራ ግን ባለ ሣጥኑ እንደሚሻል ማንም አስተዋይ በአንድ ሰዓት ይረዳዋል። እኔም በአንድ ሰዓት ተረድቼው ነበር።

አስተባባሪው መጣና ከኋላዬ ቆሞ አየ። «ባለ ቀለሙ ነው የሚያዋጣው» አለ። «ከዞን የሚመጡት ሰዎች ዓይን እንጂ ጆሮ የላቸውም። ደግሞ ይህን የሚያሠለጥን ሰው ያስፈልገናል። ማን ይሆን መሰለሽ?» ብሎ ፈገግ አለና ወጣ። ያን ቀን ምሳ መብላቴን አላስታውስም፤ በደስታ ጠግቤ ነበር።

በማግስቱ፣ ሐምሌ መሆኑ ነው፣ ጋሽ ይማም ከኮሌጁ በር ላይ ጠበቁኝ። ዋናው መንገድ ዳር ልጃገረዶች በለስ በባልዲ ደርድረው ይሸጣሉ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ባልዲያቸውን አንሥተው ይሮጣሉ። ግንድ ላይ ተቀመጥንና ጋሽ ይማም በጋዜጣ ቁራጭ እየያዙ ይልጡልኝ ጀመር። በለስ ሲላጥ ዓይን የማታየው እሾህ ጣት ውስጥ ይቀራል። «ተዉ፣ እኔ ልላጥ» ብላቸው «አብሽሪ፣ የኔ ጣት በጠመኔ ደንድኗል፤ አንቺ ብዪ» አሉኝ። በለሱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጣፋጭ። አራት ይሁን አምስት በላሁ።

«ያ ሶፍትዌር የምትሉት ተመረጠ?» አሉኝ።

«ሊመረጥ ነው። ባለ ቀለሙን ሳላቀርብ አልቀርም።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽው ደግ ነው። እኔ ለቀለሙ ግድ የለኝም። አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ በፊደል ይጽፋል?»

«ይጽፋል» አልሁ።

አልዋሸሁም እኮ! በኔ ላፕቶፕ ላይ ይጽፋል፤ አዲስ ነበር፣ የፊደል መጻፊያው ተጭኖበታል። በክፍሉ ኮምፒውተሮች ላይ መሞከሬን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልሞከርሁም። ይህን ሁሉ ዓመት ለራሴ ስነግረው የኖርሁት ይህንን ነው። ብቻ ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ስሕተት ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ባለ አበባውን በክፍሉ ኮምፒውተሮች ላይ ጫንሁት። አንዱን ከፍቼ በፊደል «ጎርፍ» ብዬ ጻፍሁ። ሦስት ባዶ ሣጥን ወጣ። ሌላው ላይ ሞከርሁ፤ ሣጥን። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ባለ አበባው የሚፈልገውን ፊደል አያውቁትም። ወደ ወንበሬ ተመለስሁ። የማወዳደሪያው ወረቀት ገና አልገባም ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «በአማርኛ ይጽፋል?» ከሚለው ፊት የራይት ምልክት አድርጌያለሁ፤ በእርሳስ ነው። ላጲሱ ከጎኑ ነው። ላጲሱን አነሣሁና እያገላበጥሁ አየሁት፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ከዚያ በራይቱ ላይ በእስክሪብቶ ደገምሁበት።

እኔን ይድፋኝ! ሰው ሆን ብሎ ክፉ ሲሠራ ነጎድጓድ የሚሰማ ይመስለው የለም? ምንም አልተሰማም። ውጭ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ፣ እኔም ወረቀቱን ወስጄ ለአስተባባሪው ሰጠሁት።

የማሳያው ቀን ነሐሴ ላይ ዋለ። በዋዜማው ጎሊና ወንዝ ሞልቶ መንገድ ዘግቶ ስለነበር ገምጋሚዎቹ ሱሪያቸው ጭቃ ነክቶት አርፍደው ደረሱ። አየሩ ርጥብ አፈር ይሸታል። ጋሽ ይማም ከሁላችን ቀድመው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሸሚዛቸው ታጥቦ ተተኩሷል፣ እጅጌው ለአንድ ቀን ነጭ ጠመኔ የለበትም። ሳየው ደንገጥ አልሁ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ለማለፍ ስል አላሳለፉኝም።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ ልጄ?»

«የለም ጋሽ ይማም። ሁሉም ዝግጁ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ደግ» አሉና ከበሩ ፈቀቅ አሉልኝ።

እኔ ቀደምሁ። «የክፍሉ ኮምፒውተር መብራት ቢጠፋ ይዘጋብኛል» ብዬ የራሴን ላፕቶፕ ነበር የሰካሁት። ሣጥኖቼን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የጻፍሁ። መሐሉን ነካሁት፣ ቅርንጫፎቹ እየተጠማዘዙ ወጡ፣ ሦስቱ ገምጋሚዎች «ኦ!» አሉ። ስለ ምን እንዳስተማርሁ አንዱም አልጠየቀኝ።

ጋሽ ይማም የክፍሉን ኮምፒውተር ከፈቱ። በሁለት ጣታቸው ስንት ቀን ለፍተው የሠሩት የጎርፉ ካርታ ሸራው ላይ ወጣ፤ ወንዙ መሐል፣ ዋናው ቦይ፣ ቅርንጫፎቹ። ፊደሉ ባለበት ሁሉ ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ እንደሚያስቅ ነገር ነው ያየው።

«ይሄ ምንድን ነው አባት? ጡብ ነው እንዴ?»

«ጎርፍ ነው» አሉ ጋሽ ይማም። «ፊደሉ እምቢ ብሎ ነው። በጠመኔ ላሳያችሁ» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ ወንዙን አንድ ጊዜ ጫር አደረጉት። አስተባባሪው ከወንበሩ ተነሣ።

«ጋሽ ይማም፣ ጠመኔውን ያስቀምጡት። ዛሬ የሚታየው ጠመኔ አይደለም።»

«ሁለት ደቂቃ ብቻ…»

«ያስቀምጡት።»

አስቀመጡት። ጣታቸውን ወደ አፋቸው አቅርበው ብናኙን እፍ አሉበት። እኔ ላፕቶፔን እንደታቀፍሁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርሁ። «የኔን ይጠቀሙ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበረ፤ እስከ ዛሬ ቅርጹ አይጠፋኝም።

ምደባው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። የሥራ ሂደት፦ ፋንታዬ። ጋሽ ይማም ደግሞ ጨርሶ ከመንሳፈፍ ተርፈው ንብረት ክፍል፣ ግምጃ ቤት ጠባቂ። ኮሪደር ላይ አገኙኝና «እንኳን ደስ ያለሽ፤ እናትሽ ትደሰት» አሉኝ። እጃቸውን ጨበጥሁ። ቤት ስደርስ እናቴ እልል አለች፣ አባቴ በግ አረደ። ሥጋው አልወርድ ብሎኝ «ሙቀቱ ነው» አልሁ።

የባለ አበባውስ ነገር? ጥቅምት ላይ፣ ክፍል ውስጥ ሳለሁ፣ «የሙከራ ጊዜዎ አልቋል» ብሎ ተዘጋ። በቃ፣ ተዘግቶ ቀረ። አስተባባሪውም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እኔ ባዶ ሸራ ፊት ቆሜ፣ አርባ ተማሪ እያየኝ። ምን ይደረጋል? ጠመኔ ፍለጋ ወጣሁ። ጠመኔ ያለው ግምጃ ቤት ነው፤ ግምጃ ቤት ያሉት ጋሽ ይማም ናቸው። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው!

ከመስኮቱ ወዲያ ሆነው «ስንት ፓኮ?» አሉኝ።

«አንድ።»

«ነጭ ነው ባለ ቀለም?»

«ነጭ።»

የዕቃ ማውጫ ደረሰኙን በዚያ ቆንጆ ጽሕፈታቸው ሞልተው አስፈረሙኝ። እንዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖርን፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ። «ስንት ፓኮ?» «አንድ።» ሌላ ንግግር አልነበረንም። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰሽ» ይሉኛል፣ በዒድ «ዒድ ሙባረክ» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ጠመኔ።

የባሰው ደግሞ አለ። በዚያ ጠመኔ ምን እንዳስተማርሁ ልንገራችሁ? ጎርፉን። ሌላ የተማሪን ዓይን የሚያበራ ነገር አልነበረኝም። ወንዙን ሣልሁ፣ ቦዩን አወጣሁ፣ «አልፏችሁ አፋር ይገባል» አልሁ። ሳቁ። በየዓመቱ ይስቃሉ። ስሜ ወጣ፤ «የመምህርት ፋንታዬ ጎርፍ» ተባለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ እኔን ይኸው እስከ ዛሬ አደመቀኝ።

የሰዓዳ ወረቀት ይህን ሁሉ ቀሰቀሰብኝና ረቡዕ ጎብዬ ወረድሁ። ሚኒባሱ ሮቢትን ሲያልፍ የአባቴን ማሳ አየሁ፤ ማሽላው ራሱን ደፍቷል፣ ማማው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ወንጭፍ ያጮኻል። ሁለት ኪሎ ስኳርና ብርቱካን ይዤ ነበር። ባዶ እጅ አይኬድም መቼም፤ ለንስሐም ቢሆን።

ጋሽ ይማም የወንድማቸው ልጅ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሽርጥ አሸርጠዋል፣ ጢማቸው ነጥቷል፣ መፋቂያዋ እንደ ድሮው ኪሳቸው ውስጥ ናት። ሲያዩኝ «ፋንታዬ!» ብለው ሊነሡ ቃጡ። አስቀመጥኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ አፌን ሞልቼ ነገርኋቸው። ራይቱን፣ ላጲሱን፣ ሣጥኖቹን አስቀድሜ ማየቴን፣ ሁሉንም። ስጨርስ አለቀስሁ፤ አርባ ዓመት ያለፋት ሴትዮ፣ የሱቅ ደንበኛ እያያት።

«አውቀዋለሁ እኮ» አሉኝ።

«ማን ነገርዎት?»

«ከተማ በኪራይ ኮምፒውተር የሠራሁትን በዋዜማው ክፍል ገብቼ ሞከርሁት። ሣጥን ሲያወጣብኝ መጀመሪያ የጠረጠርሁት ራሴን ነው። አንቺ ይጽፋል ብለሽኛላ! ‹የኔ ጣት ያበላሸችው ነው፣ ፋንታዬ ታስተካክለዋለች› ብዬ ነው በጠዋት በሩ ላይ የጠበቅሁሽ። ሁሉም ዝግጁ ነው ስትዪኝ ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ገብተው ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? ልጅቱ ዋሸች ብዬ? ነገ ቋሚ የምትሆን ልጅ?» መፋቂያቸውን አውጥተው አዩትና መለሱት። «ተቀይሜሻለሁ፤ አልዋሽሽም። ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያች መስኮት ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠብቄሻለሁ። በመጣሽ ቁጥር ‹ዛሬ ነው› እላለሁ። አንቺ ‹አንድ ፓኮ› ብለሽ ትሄጃለሽ።»

ብርቱካኑን ከፌስታሉ እያወጣሁ መልሼ እከተዋለሁ።

«የእህቴ ልጅ አምና ካንቺ ዘንድ ተምራ ወጣች» አሉ። «ደብተሯን አሳየችኝ። ጎርፉ አለ፣ ቦዩ አለ፣ ተራው አለ፣ አፋርም አለ። እንዴት ያለ ጥሩ አስተማሪ ነሽ፣ ማሻአላህ። አንድ ነገር ብቻ ፈልጌ አጣሁ። የተራ ሰባሪው የለም። እሱን ለምን ተውሽው?»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እውነታቸውን ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እዚያ ቦታ ስደርስ ዘልዬው ነው የማልፈው። እየዘለልሁት መሆኔን እንኳ ረስቼው ነበር።

«ደክሞሽ ይሆናል» አሉኝ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። «በይ ጥላው ሳይሸሽ ሂጂ፤ ሚኒባስ ይጠፋል።» ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም ይበሉኝ ብዬ አልጠየቅሁም። ስኳሩን ተቀበሉኝ፤ ብርቱካኑን ግን ለመንገድሽ ብለው መለሱልኝ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ሰዓዳን ጠርቼ ወረቀቱን ሳልፈርም መለስሁላት። «ክፍል ውስጥ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ተማሪው በሚያነበው ፊደል ሞክሪው። ደግሞ ተራ ማሳየት መቻሉን እዪ። ካልቻለ አልቻለም ብለሽ ጻፊ፤ ማንም ቢከፋው።» «እሺ መምህርት» አለች፤ ምን እንደነካኝ ሳይገርማት አልቀረም።

ከዚያ ክፍል ገባሁ። ወንዙን ሣልሁ፣ ቦዩን አወጣሁ፣ አፋር ስል ሳቁ። ቁጥሮቹን ጻፍሁ። ሁልጊዜ የምዘልበት ቦታ ስደርስ ቆምሁ። ተራ የሰበረ ሰው ቦዩ ዳር ቆሞ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የማንን ውሃ እንደጠጣ ይናገራል ብዬ አስረዳኋቸው። ጠመኔዋን አስቀመጥሁና ወደነሱ ዞርሁ።

«ይህ ጎርፍ የኔ አይደለም» አልኋቸው። «የጋሽ ይማም ውሃ ነው የጠጣሁት።»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ስሙን አላወቁትም፤ ከየት ያውቁታል? ኋላ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠ የከተማው ልጅ ነው እጁን ያወጣ።

«ስቶር ይሠሩ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው መምህርት? ጠመኔ የሚያወጡት?»

«አዎ» አልሁት። «ስቶር ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።»